የሐጃ በቱል መረቅ

ፋናዬን አንድ ቀን ያገኘ ሰው ደግነቷን አውርቶ አይጠግብም። እኔም አልጠግብም ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቀሚሷን ለብሻለሁ፣ ነጠላዬን ለብሳለች፤ መተማ ዮሐንስ ገበያ ውስጥ አንዳችንን ለብቻዋ ያየ ሰው «ምነው፣ ሌላኛዋ ታመመች እንዴ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ የማወራችሁ ስለ ጠላቴ እንዳይመስላችሁ። ጠላት ቢከዳኝ ኖሮ እስካሁን ረስቼው ነበር።

ስሜ ዙፋን ነው። ሽንፋ ተወለድኩ፣ ሁለት ባል አገባሁ፣ ከሁለቱም ልጅ አላገኘሁም። ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ እኔው ልቅደም ብዬ ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ፋናዬ የወለደቻት ሴት ልጅ ባለፈው ጥር ሰማንያ ቀን ሊሞላት ሲል የክርስትና እናቷ እንድሆን የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ።

ያልወለደች ሴት ይኼ ምን ማለት እንደሆነ ይገባታል። ካህኑ ሕፃኗን ከውኃው ሲያወጣ የሚሰጣት ለእኔ ነው። ስታድግ «እናቴ» ትለኛለች፤ ስታገባ «የክርስትና እናቷ የት አለች?» ተብሎ ወንበር ይለቀቅልኛል፤ ስሞት የሚያለቅስልኝ አገኘሁ ማለት ነው። የማተቡን ክር ራሴ ገመድኩት። ነጩን ቀሚስ ልገዛ ገንዳ ውሃ ከተማ ድረስ ሄድኩ። ባለሱቋ «ለልጅሽ ነው?» ስትለኝ «አዎ» አልኳት፤ አላፈርኩም።

እንዴት እንዳጣሁት ለመንገር ግን ከሲንጃ መጀመር አለብኝ።

ሲንጃ ከገላባት ድልድይ ወዲያ፣ ከገዳሪፍም አልፋ ያለች የሱዳን ከተማ ናት። ጦርነቱ ሊጀምር አንድ ዓመት ሲቀረው ነው እኔና ፋናዬ ለሥራ የሄድነው። አንድ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ አበጣሪ ሆንን፤ ቀኑን ሙሉ ወንፊት ስንነቀንቅ እንውላለን፣ ማታ አቧራውን ከጆሯችን ስናወጣ እናመሻለን። የተከራየነው ክፍል ሐጃ በቱል ግቢ ውስጥ ነበር። ሐጃ ስድሳ ያለፋት፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ አንድ ልጇ ሳጂድ ፖርት ሱዳን ወደብ ላይ ይሠራል። ዓረብኛው ‹አንቱ› ስለሌለው ከመጀመሪያው ቀን ‹አንቺ› አልናት፣ በዚያው ቀረ።

የሥጋውን ነገር ታውቁታላችሁ። በእኛ አገር ክርስቲያኑ ክርስቲያን ያረደውን፣ ሙስሊሙ ሙስሊም ያረደውን ይበላል። ለቅሶ አብረን እንቀመጣለን፣ ሠርግ እንጠራራለን፣ ሰሊጥ አብረን እናጭዳለን። ሥጋ ሲቀርብ ብቻ ሁሉም ወደየራሱ ሰሃን ዞር ይላል፤ በዚህ ማንም ማንንም አይቀየምም። የሌላውን እርድ የበላ ግን ሃይማኖቱን እንደለወጠ ነው የሚቆጠረው። ክርስቲያን ከሆነ ንስሐ ገብቶ፣ መጽሐፈ ቄደር ተደግሞለት፣ ተጠምቆ ነው ወደ ማዕድ የሚመለስ። ስለዚህ እኔና ፋናዬ ሲንጃን በምስርና በጎመን ልንዘልቃት ተማምለን ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ወባ ጣለኝ። ሰባት ቀን ሙሉ የጠጣሁት ውኃ እንኳ ሆዴ ውስጥ አልረጋ አለ። ክኒኑን እውጣለሁ፣ አስመልሰዋለሁ። በስምንተኛው ቀን ፋናዬ ሐጃ እግር ላይ ወድቃ «ትሞትብኛለች፣ ሥጋ ነገር ካልቀመሰች ትሞትብኛለች» ብላ አለቀሰች። ሐጃ ከሦስት ዶሮዎቿ አንዷን ጎረቤት ጠርታ አሳረደችና መረቅ ሠራች።

ፋናዬ ራሴን በክንዷ ደግፋ ማንኪያውን አፌ ላይ አቀረበች። ሽታው ገብቶኛል።

«የማን እርድ ነው?» አልኳት፣ ባለችኝ ትንሽ ድምፅ።

«የዶሮ ነው» አለች።

«ፋናዬ!»

«ጠጪ አንች! የሚያየን እግዜር ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ወሬ አያመላልስ።»

ጠጣሁ። እየጠጣሁ አለቀስኩ፤ ከኃጢአቱ ይሁን ከጣዕሙ እስካሁን አላውቅም። ነጭ ሽንኩርትና ቁንዶ በርበሬ ነበረበት፤ ሙቀቱ እግሬ ድረስ ሲወርድ ተሰማኝ። ስጨርስ ቀና ብዬ ባይ ፋናዬ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ የዶሮዋን እግር ትግጣለች። «ታዲያ ይጣል?» አለችኝ። ከታመምኩ ወዲህ የሳቅኩት ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሦስታችንም ከአንድ ሰሃን በላን። ኪስራ የሚሉት የማሽላ እንጀራ አላቸው፤ ስስ ነው፣ መጀመሪያ ወረቀት ወረቀት ይልሃል፣ ኋላ ትለምደዋለህ። ሐጃ «ቢስሚላህ» ትላለች፣ እኛ «በስመ አብ» እንላለን፣ ሦስታችንም እንቆርሳለን። ፋናዬ ከሁላችንም ፈጣን ነበረች፤ ሐጃ «ይህች ልጅ እጇ ጎማ አለው» እያለች ትስቅባት ነበር።

ዓመት ከመንፈቅ እንደቆየን ባየልኝ፣ የፋናዬ ባል፣ «ይብቃሽ፣ ነይ» ብሎ ላከባት። መተማ ውስጥ ትራክተር ነጂ ነው፤ ከእናቱ ጋር ነው የሚኖሩት። ስትሰናበት ሐጃን አንገቷን አቅፋ «ክፉ ቀን ከመጣ ድልድዩን ተሻገሪና የባየልኝን ሚስት ፋናዬን ብለሽ ጠይቂ። ቤቴ ቤትሽ ነው» አለቻት። በእመቤታችን ስም ነው የማለችላት። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር።

እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ሰው አገር ብቻውን የቀረ ሰው መጀመሪያ የሚጠፋበት የመብላት ወጉ ነው። ቆሜ መብላት ጀመርኩ። ዳቦ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ እየሄድኩ እገምጣለሁ፤ ምን እንደበላሁ ብትጠይቁኝ አላስታውስም። በሦስተኛው ቀን ሐጃ ግድግዳዬን በማንኪያ ደበደበች።

«ጠግቤያለሁ» ብዬ ጮህኩ ከውስጥ።

«እኔ አልጠገብኩም። ብቻዬን ስበላ አይወርድልኝም» አለች።

‹ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል› ይባል የለ? ሄድኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ማንኪያ ግድግዳዬን ያልመታበት ምሽት የለም። መጋዘን ውስጥ አለቃው ሰድቦኝ ስመጣም፣ የእናቴን መርዶ በስልክ የሰማሁ ዕለትም፣ ሐጃ ምንም ሳትጠይቅ ሰሃኑን ወደኔ ገፋ ታደርገውና ትልቁን ሥጋ በጣቷ ወደኔ በኩል ትገፋዋለች። ረቡዕና ዓርብን ከእኔ ይልቅ የምታስታውሰው እሷ ነበረች። በእነዚያ ቀናት የደረቀ ባምያ በዘይት ብቻ ትሠራና «ዛሬ የአንቺ ቀን ነው» ትለኛለች። እርዷን እየበላሁ ጾሜን የምታስጠብቀኝ እሷ ናት፤ ይኼ ምን እንደሚባል ካህን ይጠየቅ። እኔም በረመዳን ፀሐይ ሳትጠልቅ ፊቷ ውኃ ጠጥቼ አላውቅም። ሆዴም ልቤም አንድ ላይ የጠገቡበት ዓመት ቢኖር ያ ነው።

ጦርነቱ ሲንጃ በር ላይ ሲደርስ በሰሊጥ ጭነት መኪና ወጣሁ። ሐጃን እጇን ይዤ ጎተትኳት። «ሳጂድ ቢመጣ ቤቱን ማን ይከፍትለታል?» ብላ ቀረች። ከዚያ በኋላ ስልኳ አልሠራም።

መተማ ስደርስ ፋናዬ ነፍሰ ጡር ነበረች። አቅፋኝ አለቀሰች። ጆሮዬ ሥር ያለችኝ የመጀመሪያ ነገር ግን «ያ ነገር እዚያው ሲንጃ ይቅር» የሚል ነበር። አማቷን ፈርታ ነው። እመት አገኘሽ በሃይማኖት ነገር ቀልድ የላቸውም፤ ምራታቸው የሙስሊም እርድ በላች ቢባል ልጃቸውን «ፍታት» ከማለት አይመለሱም። «ይቅር» አልኳት። ለእኔም ተመችቶኝ ነበር፣ ልዋሽ አልፈልግም። የክርስትና እናትነቱን ስትነግረኝም አስቀድሜ ንስሐ መግባት ነበረብኝ። ‹ከክርስትናው በኋላ እገባለሁ› አልኩ። ብናዘዝ ፋናዬን አጋልጣለሁ ብዬ ለእሷ ያሰብኩ መሰለኝ። ሕፃኗን እንዳላጣት ፈርቼ ነው።

የክርስትናው ዋዜማ ቅዳሜ ነበር። ግቢው ውስጥ ዳስ ተጥሎ ሴቶቹ ሽንኩርት ይከትፋሉ። ለሙስሊም ጎረቤቶች የሚሆነው በግ ለብቻው በሙስሊም እጅ ታርዶ ከአጥሩ ወዲያ በሌላ ድስት ይበስላል። አባ ገብረማርያም፣ የቤቱ ንስሐ አባት፣ የነገውን ሥርዓት ሊነግሩን መጥተው ዳሱ ሥር ተቀምጠዋል። እመት አገኘሽ ከጎናቸው ናቸው። ሕፃኗ እኔ ጭን ላይ ናት፤ ጣቴን ጨብጣ ተኝታለች።

«ስታነሻት ቀኝ ክንድሽ ላይ ነው» አሉኝ አባ። «እንዳትፈሪ።»

«አልፈራም አባ» አልኳቸው። እውነቴን ነበር። በዚያች ሰዓት እንደኔ ደስተኛ ሴት መተማ ውስጥ አልነበረችም።

በሩ ላይ አንዲት ሴት ቆመች። የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን ቶብ ለብሳለች፤ ቀለሙ ከአቧራው አይለይም። ከስታለች፤ አንድ እግሯ ላይ የወንድ ሰንደል፣ ሌላው ላይ የሴት ነጠላ ጫማ ነው። በሚጢጢ ፌስታል ልብስ ይዛለች። መጀመሪያ አላወቅኋትም። ከዚያ አፏን ከፈተች።

«ፋና!» አለች። «ፋና! ልጄ!»

ፋናዬ ሽንኩርት ከምትከትፍበት ብድግ አለች። ሁሉም ሰው እሷን ያያል። አየኋት፤ ደነገጠች፣ ፊቷ በራ፣ ወዲያው ደግሞ ያ ብርሃን ጠፋ። ይኼ ሁሉ አንድ ጊዜ ዓይን እስኪጨፈን ነው የፈጀው። እኔ ነኝ የማውቃት፤ ሌላ ሰው አላየውም።

«ማናት?» አሉ እመት አገኘሽ።

«እንጃ» አለች ፋናዬ። «አላውቃትም። ከወዲያ ከሚመጡት ተፈናቃዮች ትሆናለች። እንጀራ ነገር ስጧትና ትሂድ።»

ሐጃ ሲንጃ ውስጥ ከእኛ የለቃቀመችው የማዕድ ቤት አማርኛ አላት። ‹እንጀራ›ም፣ ‹አላውቃትም›ም ይገባታል። ፋናዬን አየች። አባ እጅ ላይ ያለውን መስቀል አየች፣ ዳሱን አየች፣ እመት አገኘሽን አየች። በመጨረሻ እኔን አየችኝ፣ ከነሕፃኗ።

እኔም ዝም አልኩ። አዎ፣ ዝም አልኩ። ፋናዬን ስወቅስ ይኼን ብደብቅ እግዜርም አይወደው። ጣቴ ሕፃኗ መዳፍ ውስጥ ነበር፤ ቢያንስ እስከ ነገ ጠዋት ምናለ ብትታገሽ አልኩ በልቤ።

«መዓሌሽ» አለች ሐጃ ለሁላችንም፣ ይቅርታ ማለቷ ነው። «ቤት ተሳሳትኩ።» ዞረች። ያ ሁለት ዓይነት ጫማ አቧራውን እየጠረገ ከበሩ ራቀ።

ያን ጊዜ ነው የተቃጠልኩት። ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል።

«አልተሳሳትሽም ሐጃ!» አልኩ፤ ጮኼ ኖሮ ሕፃኗ ባነነች። «ነይ ተመለሺ! ቤቱ ይኼው ነው!»

እመት አገኘሽ ወደኔ ዞሩ። «አንች ታውቂያታለሽ?»

«አውቃታለሁ። ሲንጃ ያስጠጋችን፣ ያበላችን ናት።»

«ምን አበላቻችሁ?» አሉ፤ ጥያቄው እንደ መርፌ ነው የወጣው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ግቢው ውስጥ ቢላዋዎቹ ሁሉ ቆሙ።

አባ ገብረማርያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዙፋን ልጄ፣ ሥጋ በልተሻል?» አሉኝ።

«በልቻለሁ አባ። መጀመሪያ ታምሜ ነው። ኋላ ድኜም በላሁ።»

አባ አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። «ይኼ የሚመለስ ነገር ነው» አሉ። «ንስሐ ትገቢያለሽ፣ ይደገምልሻል። ነገ ግን ሕፃኗን ማንሳት አትችይም። ሰማንያው ደግሞ ነገ ነው። ሌላ ሰው ይፈለግ።»

እመት አገኘሽ እሳቸውን እንኳ አላስጨረሷቸውም። «አንችስ?» አሏት ፋናዬን። «አንድ ቤት አልነበራችሁም?»

ፋናዬ መጥታ ሕፃኗን ከጭኔ ላይ አነሳቻት። ጣቴን ከትንሿ መዳፍ ያላቀቀችው እሷ ናት፣ በእጇ፣ አንድ በአንድ።

«እኔ?» አለች። «እኔማ ጎመን ነበር የምበላው! ‹ተይ ዙፋን፣ ነገ ምን እንላለን?› እያልኩ ስንት ጊዜ ለመንኳት መሰላችሁ! እሷ ናት እንቢ ያለችኝ። ይኼው በዚች በልጄ ራስ እምላለሁ፤ ከቀመስኩ ትንሳኝ!»

እኔ ደሜ ሁሉ ወደ ፊቴ መጣ። መብላቷን ብትክድ ይሁን፤ ለራሷ ፈርታ ነው። ‹ለመንኳት› ማለቷ ግን ምንድን ነው? ማንኪያውን አፌ ላይ የያዘች ሴት፣ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብላ የጋጠች ሴት፣ ኃጢአቱን ከነአጥንቱ እኔ ላይ ከመረችውና ልጅቱን ታቅፋ ቆመች። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ዓረፍተ ነገር አለቀ። አንድ ምስክር ግን ነበረኝ። ሐጃ ተመልሳ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ሐጃ!» አልኳት። «አንቺ ንገሪያቸው። ዶሮዋን እንድታሳርጂልኝ እግርሽ ላይ የወደቀችው ማን ናት? ፋናዬ ከእኛ ጋር በላች ወይስ አልበላችም?»

ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ሐጃ ፋናዬን ቆማ አየቻት፤ ክንዷ ላይ ያለችውን ልጅም አየች።

«ፋና ጎመን ነው የሚበላ» አለች በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ። «ፋና ሥጋ አልበላም። ዙፋን ብቻ በላ።»

ከዚያ በኋላ የተባለውን ሁሉ አልሰማሁትም። እመት አገኘሽ «ተመስገን» አሉ። አንዷ «ስርጉትን ጥሩ» አለች፤ ስርጉት የጎረቤት ልጅ ናት፣ አራት ልጆች አሏት፣ አምስተኛ ምን ያደርግላታል? ነጠላዬን አነሳሁ። ቀሚሱንና ማተቡን ያስቀመጥኩበትን ሳጥን ሳይ እመት አገኘሽ «እሱ ለሕፃኗ ነው የመጣ፤ ይቀመጥ» አሉ። ተውኩት። ፋናዬ ቀና ብላ አላየችኝም።

ሐጃን ፌስታሏን ተቀብዬ ከፊቷ ከፊቷ ሄድኩ። የተከራየሁት ክፍል ሩቅ አይደለም። ገብተን በሩን እንደዘጋሁ ነው የፈነዳሁት።

«ለምን?» አልኳት። «እሷ በሯ ላይ ‹አላውቃትም› አለችሽ! እኔ ልጄን ትቼ ‹አውቃታለሁ› አልኩሽ! ለእሷ መሰከርሽላት!»

ሐጃ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ እግሯን ታሻለች። «በልጇ ራስ ማለች» አለችኝ በዓረብኛ።

«በሐሰት ነው የማለችው!»

«እኮ። እውነቱን ብናገር የሐሰት መሐላው ያቺ ሕፃን ራስ ላይ ይቀራል። ዋሽቼ ከሆነ ውሸቱ የእኔ ይሁን። እኔ አሮጊት ነኝ፤ እሸከመዋለሁ።»

«እኔስ? የእኔን ማን ይሸከምልኝ?»

«አንቺ ጠንካራ ነሽ።»

ይኼን ቃል እጠላዋለሁ። ጠንካራ ነሽ እየተባልኩ ነው ሁሉም ነገር የተወሰደብኝ። ባሎቼም ሲሄዱ ያሉኝ ይኼንኑ ነው። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተቀመጥኩ። በአንድ ቀን ሁለት ሰው፣ ከሁለቱም ጋር ከአንድ ሰሃን የበላሁ! ፋናዬ በፍርሃቷ ካደችኝ፣ ሐጃ በደግነቷ ካደችኝ፤ ለተካደ ሰው ልዩነቱ ብዙ አይደለም። እንዲህ ብዬ አሰብኩ፣ አሁንም ግማሽ በግማሽ እንዲህ ነው የማስበው።

ሐጃ አልለመነችኝም። ከድንበሩ እስከዚህ እንዴት እንደመጣችም፣ ሳጂድ የት እንዳለም አልተናገረችም። ፍራሼን አንጥፌላት መሬት ላይ ተኛሁ።

ጠዋት ስነቃ ባቄላዬን አግኝታ ፉል ሠርታለች። የእኔን ዘይት፣ የእኔን ሽንኩርት፣ የእኔን ድስት። ሰሃኑን መሐል ላይ አድርጋ ዳቦውን ሁለት ከፈለችና ትልቁን በኔ በኩል አስቀመጠችው። አልነካሁትም። እሷም አልጀመረችም። ፉሉ እየቀዘቀዘ ሁለታችን ተፋጠን ተቀመጥን።

በዚህ መሐል ነው እልልታው የተሰማው። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገዳቸው በደጄ ነው። እንዳልወጣ ለራሴ ነግሬው ነበር፤ እግሬ ግን ወጣ። ስርጉት ሕፃኗን ታቅፋ ከፊት ትመጣለች፣ እኔ በገዛሁት ቀሚስ፣ ማተቧ አንገቷ ላይ። ባየልኝ ጃንጥላ ይዞላታል። እመት አገኘሽና አባ ገብረማርያም ይከተላሉ። ፋናዬ ከኋላ ናት፣ ነጭ ለብሳ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

ከኋላዬ ሐጃ መጣች። ደጃፉ ላይ ቆማ እጇን አፏ ላይ አድርጋ በሱዳኖቹ አደራረግ እልል አለች፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሰፈሩን የሚያናውጥ። ሦስት ጊዜ። ‹አላውቃትም› ላለቻት ሴት ልጅ። ሰዎቹ ሳቁ፣ አንዳንዶቹ መለሱላት። ፋናዬ እርምጃዋ ተሰነካከለ፤ ግን አልቆመችም።

እኔ እልል ማለት አልቻልኩም። አሮጊቷን ባጠገቤ አየኋት፤ ትናንት ማታ እንኳ ምንም አልበላችም፣ ቀድሜያት አልበላም ብላ ነው። ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝና አፈርኩ። ያን ሁሉ ዓመት ከእጇ ስበላ ለዚያ ለመጀመሪያው መረቅ አንድም ቀን አመስግኛት አላውቅም። ካመሰገንኩ መጠጣቴን ማመኔ ነዋ! ተደብቄ በላሁ፣ ተደብቄ ዳንኩ፣ ምስጋናዬንም ደበቅኩት። አሁን ምን ቀረኝ? የሚወሰድብኝ ሁሉ ተወስዷል።

«ሐጃ!» አልኩ፣ በአማርኛ፣ መንገዱ ሁሉ እንዲሰማኝ አድርጌ። ሰልፉ ቆመ። ፋናዬም ቆመች፤ ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየችኝ፣ ‹ልታጋልጠኝ ነው› ብላ ፊቷ አመድ ሆነ። «ሐጃ በቱል! ወባ ጥሎኝ ልሞት ስል ላሳረድሽልኝ ዶሮ፣ ላጠጣሽኝ መረቅ፣ ብቻዬን እንዳልበላ ግድግዳዬን ለመታሽበት ቀን ሁሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ!»

የፋናዬን ስም አልጠራሁም። መጥራት ፈልጌ ነበር፤ አፌ ውስጥ ነበር። አባ ገብረማርያም መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው ጠጋ አድርገው ቆመው አዩኝ። ሐጃ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

«ቀስ በይ» አለችኝ። «ልጅቱን ታስነቂያታለሽ።»